ጄኔሬተር ልትገዙ ስትሄዱ የውሃ ማፍያችሁን ይዛችሁ ሂዱ፦ ቴሌቪዥን፣ ኮምፒውተርና ፍሪጅ የማያቃጥል ጄኔሬተር አመራረጥ

ያለፈው ክረምት አንዲት እናት በአንሶላ የተጠቀለለ ቴሌቪዥን ለልጃቸው አሸክመው ወደ መጠገኛዬ መጡ። ጀርባውን ፈትቼ ስከፍተው የነደደ ፕላስቲክ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ፊውዙ ጠቁሯል። ከፊውዙ አጠገብ ያለችው ሳንቲም የምታክል ሰማያዊ ቫሪስተር፣ ከልክ ያለፈ ቮልቴጅ የምትከላከለው፣ ለሁለት ተሰንጥቃለች። ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ባለ 400 ቮልቱ ትልቅ ካፓሲተር ደግሞ አናቱ እንደ ዳቦ ኩፍ ብሏል።

"እማማ፣ መብራት ሲመጣ ነው አይደል የተቃጠለው?" አልኳቸው።

"ኧረ ልጄ፣ መብራትማ አልነበረም። ልጆቹ ኳስ እንዳያመልጣቸው ብለው በጄኔሬተር ነው የሚያዩት። ቤንዚኑ ሊያልቅ ሲል ድምፁ ዝቅ ይላል፣ ደግሞ ይጮኻል፣ ዝቅ ይላል፣ ይጮኻል። ከዚያ ቷ አለ።"

ነገሩ እንዲህ ነው። 220 ቮልት የምንለው ኤሌክትሪክ በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ሞገድ ነው (50 ሄርዝ የሚባለው ይህ ነው)፤ ጫፉ ላይ ሲደርስ 311 ቮልት ነው። ቴሌቪዥን፣ ኮምፒውተርና ቻርጀር ውስጥ ያለው ካፓሲተር የሚሞላው በዚህ ጫፍ ነው። ሞተሩ ቤንዚን ሲያጥረው ይደክማል፤ ትንሽ ሲያገኝ ደግሞ እንደ ደነገጠ በቅሎ ይፈተለካል። በዚያች አፍታ 300 ቮልት ቢወጣ ጫፉ 424 ይሆናል። ካፓሲተሩ ላይ የተጻፈው 400 ነው። ቷ ያለው እሱ ነው።

ጄኔሬተር ሁሉ እንዲህ አያደርግም። ሲገዛ መጠየቅና መፈተን ያለበት ነገር ስላለ ከመጀመሪያው ጀምሬ በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

ደረጃ 1፦ ቤታችሁን ዙሩና ጻፉ

ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። መብራት ሲጠፋ የግድ መሥራት ያለበትን ብቻ መዝግቡ፤ ያለውን ሁሉ አይደለም። ዕቃው ላይ ወይም ቻርጀሩ ላይ በተለጠፈው ጽሑፍ ዋቱን ታገኛላችሁ። ዋት ካልተጻፈ አምፒሩን በ220 አባዙት፤ ለምሳሌ 0.8 አምፒር የተጻፈበት ፍሪጅ 176 ዋት ገደማ ነው።

ምጣዱን፣ የኤሌክትሪክ ምድጃውን፣ የሻወር ማሞቂያውንና ካውያውን ከዝርዝሩ አውጡ። ምጣድ ብቻውን ከ3,000 ዋት በላይ ይበላል። ለእሱ ሲባል የሚገዛው ትልቅ ጄኔሬተር ቀሪውን ጊዜ ለአንድ ቴሌቪዥንና ለአራት አምፖል ሲያጓራ ይውላል። እንጀራውን ከሱቅ ግዙ፤ ይረክሳል።

ከተጻፉት ውስጥ የትኛው ስስ እንደሆነ ምልክት አድርጉ። ብዙ ሰው ላፕቶፑን ነው የሚፈራለት፤ ላፕቶፕ ግን ከሁሉም ይሻላል። ቻርጀሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት፣ 50 እና 60 ሄርዝ የሚል ጽሑፍ ካለ ብዙ መዋዠቅ ይችላል፤ ባትሪም አለው። በእኔ ጠረጴዛ ላይ በብዛት ተቃጥለው የሚመጡት ሌሎች ናቸው፦ አዳዲስ የኢንቨርተር ፍሪጆችና የልብስ ማጠቢያዎች ካርድ (የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳቸው)፣ የቴሌቪዥን ፓወር ሰፕላይ፣ ርካሽ የዋይፋይ አዳፕተሮች፣ የሙዚቃ አምፕሊፋየር።

ቤት ውስጥ በኦክስጅን ማምረቻ ማሽን የሚተነፍስ ሕመምተኛ ካለ ነገሩ ሌላ ነው። ባለ 5 ሊትሩ ማሽን 350 ዋት ገደማ ነው የሚፈልገው፤ ጄኔሬተር አይከብደውም። ግን ጄኔሬተር አልነሳ የሚልበት ቀን አለ፤ ብዙ ጊዜም የሚለግመው ሌሊት ነው። ስለዚህ የተሞላ ሲሊንደር ከአልጋው አጠገብ ሳይኖር በጄኔሬተር ብቻ አትተማመኑ፤ ማሽኑ በምን ዓይነት ኃይል መሥራት እንዳለበትም ማንዋሉን ወይም ያቀረበላችሁን ባለሙያ ጠይቁ።

ዝርዝራችሁ ላይ የቀረው ዋይፋይ፣ ላፕቶፕና ሁለት አምፖል ብቻ ከሆነ ደግሞ እዚሁ ላይ አቁሙ። ጄኔሬተር አያስፈልጋችሁም። 1,000 ዋት ሰዓት የሚይዝ የሊቲየም ባትሪ፣ የባትሪውን ኤሌክትሪክ እንደ መብራት ኃይል ወዳለ ንጹሕ ሞገድ (ሳይን ሞገድ) ከሚለውጥ ኢንቨርተር ጋር፣ 100 ዋት ለስምንት ሰዓት ያህል ያኖርላችኋል። ድምፅ የለውም፣ ጭስ የለውም። ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው ሌላ ምርጫ ያለ አይመስለኝም፤ በረንዳ ላይ ጄኔሬተር ማስነሳት ጎረቤትን በጭስ ማፈን ነው።

ደረጃ 2፦ ደምሩ፣ ከዚያ ከፍታውን ቀንሱ

አንድ ተራ ቤት እንውሰድ። ፍሪጅ 150፣ ቴሌቪዥን 100፣ ሁለት ላፕቶፕ 130፣ ዋይፋይና የፋይበሩ ሣጥን 20፣ ስድስት ኤልኢዲ አምፖል 54፣ የስልክ ቻርጀሮች 40። ድምሩ 494 ዋት። ትንሽ ነው።

ፍሪጁ ግን ያታልላል። ኮምፕረሰሩ ሲነሳ ለአፍታ ከወትሮው አምስትና ስድስት እጥፍ ይስባል፤ የ150 ዋቱ ፍሪጅ ለዚያች ቅጽበት 900 ዋት ይፈልጋል ማለት ነው። ስለዚህ በድምሩ ላይ ሌላ 750 ጨምሩና 1,244 በሉ። ኢንቨርተር ኮምፕረሰር ያለው ፍሪጅ ቀስ ብሎ ስለሚነሳ ይህን ያህል አያስጨንቅም። የውሃ ፓምፕ ካለ ግን እሱም እንደ ፍሪጁ ነው፤ እንዲያውም ይብሳል። ሁለቱ በአንድ ጊዜ እንዳይነሱ ማድረግ የእናንተ ሥራ ነው።

አሁን ሻጭ የማይነግራችሁን ልንገራችሁ። ጄኔሬተሩ ላይ የተጻፈው ኃይል ባሕር ወለል ላይ ለሚገኝ ከተማ ነው። አየሩ በሳሳ ቁጥር ተራ የቤንዚን ሞተር ይደክማል፤ ወደ ላይ በወጣን በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ያህል ያጣል። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አስሉት፤ 28 በመቶ ይመጣል። 1,800 ዋት የሚል ጄኔሬተር እዚህ 1,300 ቢሰጣችሁ አመስግኑ። ባሕር ዳርና ሐዋሳ ያለ ሰው ወደ 20 በመቶ ይቀንስ፤ ደብረ ብርሃን ያለ ደግሞ ከእኛም በላይ። ድሬዳዋ ያላችሁ ትንሽ ቀለል ይላችኋል።

ከኃይሉ በላይ የሚያናድደው ሌላው ነው። ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ከአየሩ ጋር የማይመጣጠን ብዙ ቤንዚን ይለቃል። ጭሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ሞተሩ ይንገጫገጫል። ሞተር ሲንገጫገጭ ቮልቴጁም ይንገጫገጫል። መድኃኒቱ ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለችውን ቤንዚን የምታሳልፍ ቀዳዳ ያላት ትንሽ የነሐስ ብሎን ቀዳዳዋ በጠበበ መቀየር ነው። የታወቁት ፋብሪካዎች ለከፍታ ቦታ የሚሆን ይሠራሉ፤ ስትገዙ አብሮ ይኖር እንደሆነ ጠይቁ። ሻጩ ምን እንደምትሉ ካልገባው፣ ያው ነው፣ አንድ ጥሩ የሞተር ሳይክል መካኒክ ይገባዋል።

ጽሑፉን ስታነቡ ሁለት ቁጥር ታያላችሁ። ማክሲመም ወይም ፒክ የሚለው ለጥቂት ሴኮንዶች ብቻ የሚወጣው ነው፤ ሬትድ የሚለው ሳይቋረጥ የሚሰጠው። በሣጥኑ ላይ በትልቁ የሚታተመው ሁልጊዜ የመጀመሪያው ነው። ሒሳባችሁን በሁለተኛው ሥሩ። በኬቪኤ ከተጻፈና አጠገቡ 0.8 የሚል ካለ በ0.8 አባዙት።

ለምሳሌው ቤታችን እንግዲህ ሬትዱ 1,800፣ ማክሱ 2,200 የሆነ ጄኔሬተር ከከፍታው ቅናሽ በኋላ 1,300 እና 1,580 ያህል ይሰጣል። ፍሪጁ ሲነሳ የሚፈለገው 1,244 ስለሆነ ይበቃል፤ ፓምፕ ከጨመራችሁ ግን አይበቃም።

ደረጃ 3፦ ዓይነቱን ለዩ

ገበያ ላይ ሦስት ዓይነት አለ። ሻጮች ሦስቱንም "ለኮምፒውተር ይሆናል" ነው የሚሏችሁ።

ትንሿና ርካሿ፣ ዘይትና ቤንዚን ተቀላቅሎ የሚሞላባት ባለ ሁለት ስትሮኳ ናት። 950 የሚል ቁጥር ይለጠፍባታል፤ የምትሰጠው 600 እና 650 ዋት ነው፤ ያውም ባሕር ወለል ላይ። ለአምፖልና ለሱቅ ሬዲዮ ትሁን። ካርድ ያለው ነገር አትሰኩባት።

ሁለተኛው ክፍት ብረት ፍሬም ያለው፣ ከ40 ኪሎ በላይ የሚመዝነው ተራ ጄኔሬተር ነው። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር 50 ሄርዝ ይወጣል። የሄርዙ ጌታ ሞተሩ ነው፤ ሞተሩ ከደከመ ሄርዙም ይወርዳል። እዚህ ላይ ነው ሻጩ "ኤቪአር አለው እኮ!" የሚለው። ኤቪአር ጥሩ ነገር ነው፤ የሌለውን አትግዙ። ግን የሚቆጣጠረው ቮልቴጁን ብቻ ነው። የሞተሩን ፍጥነት አይነካም፤ የሞገዱን ቅርጽም አያስተካክልም። እንጨት ቆራጭ የእንጨቱን ቁመት ለክቶ እንደሚሰጥ ነው፤ ጠማማነቱን አያቀናም። የእነዚህ ጄኔሬተሮች የሞገድ መዛባት ከ10 በመቶ በላይ መሆኑ የተለመደ ነው። አምፕሊፋየር ሰክታችሁ "ዝዝዝ" ሲል የምትሰሙት፣ ዩፒኤሱ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን በባትሪ የሚያቆየው ሣጥን) ቀጭ ቀጭ እያለ ወደ ባትሪው ሲሸሽ የምታዩት በዚህ ምክንያት ነው። ዩፒኤሱ አልተበላሸም፤ "ይህን ኤሌክትሪክ አልቀበልም" እያላችሁ ነው።

ሦስተኛው ኢንቨርተር ጄኔሬተር ነው። ሞተሩ ያመነጨው በቀጥታ ወደ ሶኬቱ አይሄድም። መጀመሪያ እንደ ባትሪ ወዳለ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ይለወጣል፤ ከዚያ ውስጡ ያለው ካርድ ከዚያ ላይ አዲስ ሞገድ ይሠራል። ሞተሩ ቢፈጥንም ቢዘገይም ሞገዱ 50 ሄርዝና 220 ቮልት ሆኖ ይወጣል። ወረቀቱ ላይ ቲኤችዲ የሚለውን ፈልጉ፤ የሞገዱ መዛባት ልክ ነው። ከ5 በመቶ በታች ከሆነ ለቤት ኤሌክትሮኒክስ በቂ ነው፤ ጥሩዎቹ ከ3 በታች ይላሉ። የሚያስወድደው ይህ ካርድ ነው፤ ሲቃጠልም ጥገናው ቀልድ አይደለም። ቢሆንም ዝርዝራችሁ ውስጥ ስስ ዕቃ ከበዛ እኔ የምመክረው ይህንኑ ነው።

ቤታችሁ ተራው ጄኔሬተር ካለ አትጣሉት። ባትሪና ንጹሕ ኢንቨርተር ገዝታችሁ ጄኔሬተሩ ባትሪውን ብቻ ይሙላ፤ ኤሌክትሮኒክሱን ባትሪው ያኑር። ወይም ኦንላይን የሚባለውን ዩፒኤስ፣ ኃይሉን አፍርሶ እንደገና የሚሠራውን፣ መሐል ላይ አስገቡ፤ ጄኔሬተሩ ግን የዩፒኤሱን እጥፍ ያህል ቢሆን ይመረጣል። ስታብላይዘር ግን ለዚህ መፍትሔ አይደለም። እሱም እንደ ኤቪአሩ ቮልቴጅ ነው የሚያነሳና የሚጥል፤ የተዛባውን ሞገድ እንዳለ ያሳልፈዋል።

አንድ ነገር ለባለ ዘመዶች። ከአሜሪካ የሚላክ ጄኔሬተር 120 ቮልትና 60 ሄርዝ ነው። ሆንዳ ኢዩ 2200 አይ የሚባለው ታዋቂ ኢንቨርተር ጄኔሬተር ለአሜሪካ ገበያ እንዲህ ነው የሚሠራው፤ የእኛን ዓይነት ቮልቴጅ ለሚጠቀሙ አገሮች የሚሠራው ወንድሙ ኢዩ 22 አይ ይባላል። ትራንስፎርመር ቮልቴጁን ከፍ ያደርጋል፣ 60ውን ሄርዝ ግን 50 አያደርግም። "ኮንቴይነር ውስጥ ቦታ አለኝ፣ ልላክልህ?" የሚል ወንድም ካላችሁ ሳይገዛ ይህን ንገሩት።

ደረጃ 4፦ ሱቁ ውስጥ ፈትኑት

የውሃ ማፍያው ሥራ እዚህ ነው። መርካቶ አንድ ሱቅ ውስጥ ከፌስታል ሳወጣው ሻጩ "ጋሼ፣ ሻይ ልታፈላልን ነው?" ብሎ ሳቀብኝ። ሁለተኛውን ጄኔሬተር ስፈትን ግን አልሳቀም።

ይዛችሁ የምትሄዱት፦ 1,000 ዋት ገደማ የሆነ የውሃ ማፍያ፣ የማትረባ ባለ ክር አምፖል (ኤልኢዲ ያልሆነች) ከነሶኬቷ፣ ሄርዝ የሚለካ መልቲሜትርና አንድ ዲቫይደር። ትንሽ ያረጀ ዩፒኤስ ካላችሁ እሱንም። ቴሌቪዥናችሁንና ላፕቶፓችሁን ለሙከራ አትውሰዱ።

ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ዘይት መኖሩን በዓይናችሁ እዩ። አዲስ ጄኔሬተር ከፋብሪካ ዘይት ሳይሞላበት ነው የሚመጣው፤ ሻጩ "አንዴ ላስነሳልህ" ብሎ ደረቁን ቢስበው ፒስተኑ የሚፋቀው በእናንተ ገንዘብ ነው።

ተነስቶ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይሙቅ። ምንም ሳይሰካ ለኩት። ተራው ጄኔሬተር ባዶውን ሲሆን 52 ሄርዝ አካባቢ ቢያሳይ ችግር የለም፤ ጭነት ሲያገኝ ወደ 50 ይወርዳል። ኢንቨርተሩ ግን 50 ላይ መቆም አለበት። አሁን አምፖሏን አብሩ፣ መልቲሜትሩን ዲቫይደሩ ላይ እንደሰካችሁ የውሃ ማፍያውን ውሃ ሞልታችሁ አብሩት። ቁጥሩን እዩ፤ ቮልቴጁ ትንሽ ወርዶ ወዲያው መመለስ አለበት። 200 ላይ ቁጭ ብሎ ከቀረ ጄኔሬተሩ አቅም የለውም።

ዋናው ፈተና ማጥፋቱ ነው። የውሃ ማፍያውን በድንገት ንቀሉት። ሸክሙን የጣለ ሞተር ይፈነጥዛል፤ ቮልቴጁ ወደ ላይ ይዘላል። የእማማን ቴሌቪዥን የገደለው ዝላይ ይህ ዓይነቱ ነው። መልቲሜትር ዘገምተኛ ስለሆነ ሁሉን አይዝም፤ አምፖሏ ግን አትዋሽም። ብልጭ ብላ ከደመቀች ወይም መልቲሜትሩ ከ240 ያለፈ ነገር ካሳያችሁ ተዉት። አምስት ስድስት ጊዜ ደጋግሙት። እኔ ሰባት ጊዜ አድርጌዋለሁ፤ ሻጩ ሰባተኛው ላይ "ጋሼ ውሃው ፈልቷል" አለኝ።

ቀጥሎ ሐሰተኛ ኢንቨርተርን የምታጋልጡበት አለ። በፕላስቲክ ሣጥን የተሸፈነ ሁሉ ኢንቨርተር አይደለም። ተራውን ጄኔሬተር አሽገው ሳይለንት ብለው ይሸጡታል፤ ኢንቨርተር የሚል ተለጣፊ የሚለጥፍም አይጠፋም። ኢኮ የሚለውን ማብሪያ አብሩና ጭነቱን ሁሉ ንቀሉ። እውነተኛው ኢንቨርተር ድምፁ ይወርዳል፣ ሞተሩ በዝግታ ያንጎራጉራል፣ መልቲሜትሩ ግን 50 ሄርዝ ላይ ፍንክች አይልም። ሞተሩ ዝግ ሲል ሄርዙም አብሮ ከወረደ፣ ወይም ሞተሩ ጨርሶ ዝግ የማይል ከሆነ፣ ኢንቨርተር አይደለም። ክብደትም ይናገራል፦ 2 ኪሎዋት አካባቢ የሆነ ኢንቨርተር አንድ ሰው በአንድ እጁ አንጠልጥሎ ይሄዳል፤ የጠቀስኩት ሆንዳ 21 ኪሎ ገደማ ነው።

ዩፒኤስ ከያዛችሁ መጨረሻ ላይ ሰኩት። ዝም ብሎ ከተቀበለ ግዙ። ቀጭ ቀጭ ካለ ለምን እንደሆነ አሁን ታውቃላችሁ።

"መፈተን አይቻልም፣ ዋስትና አለው" የሚል ሱቅ ካጋጠማችሁ ሌላ ሱቅ ሂዱ። የመለዋወጫ ነገርም ጠይቁ፤ ካንዴላና የአየር ፊልትሮ በየትም ይገኛል፣ የኢንቨርተሩ ካርድ ግን አገር ውስጥ ካልተገኘ የተበላሸ ቀን ጄኔሬተሩ የዶሮ ቆጥ ነው።

ደረጃ 5፦ ቦታና ገመድ

ከሰል አፍኗቸው ስለሞቱ ሰዎች ያልሰማ የለም። የጄኔሬተር ጭስም ያው ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም። ስለዚህ ቤት ውስጥ፣ ጋራዥ ውስጥ፣ ኩሽና ውስጥ፣ በር ቢከፈትም፣ መስኮት ቢከፈትም፣ በጭራሽ አይነሳም። ከቤቱ ቢያንስ 6 ሜትር ይራቅ፤ ጭስ ማውጫው ከእናንተም ከጎረቤትም መስኮት ፊቱን ያዙር። የዘበኛ ቤት ካለ እሱንም አስቡ፤ ሌሊቱን እዚያ የሚያድር ሰው አለ። ለዝናብ ከላይ ጣሪያ ይሠራለት፣ ጎኑ ግን ክፍት ይሁን።

ቀላሉና ደህናው አገናኝ ወፍራም ኤክስቴንሽን ነው፦ ከጄኔሬተሩ ሶኬት በቀጥታ ወደ ዕቃው። እስከ 20 ሜትር ባለ 2.5 ካሬ ገመድ ለዚህ መጠን ይበቃል። የተጠቀለለውን ሙሉ በሙሉ ዘርጉት፤ እንደተጠቀለለ ከሠራ ይግላል።

ሁለቱም ጫፉ ወንድ የሆነ ገመድ ሠርቶ ጄኔሬተሩን በግድግዳ ሶኬት ወደ ቤቱ መስመር የሚያስገባ ሰው አለ። ይህ ሰው ይገድላል። ቆጣሪው ላይ ያለውን ብሬከር የረሳ ቀን ኤሌክትሪኩ ወደ ውጭ ወጥቶ በትራንስፎርመሩ በኩል ከፍተኛ ቮልቴጅ ይሆናል፤ "መስመሩ ጠፍቷል" ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣው ሠራተኛ ይነካዋል። መብራት ድንገት ሲመጣ ደግሞ ሁለቱ ይጋጩና ጄኔሬተራችሁ ይቃጠላል።

የቤቱን አምፖልም ማብራት ከፈለጋችሁ ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ ቼንጅ ኦቨር አስገቡ፤ አንድ ጎን የመንግሥት መብራት፣ መሐል ዜሮ፣ ሌላው ጎን ጄኔሬተር። ፌዙንም ኒውትራሉንም አብሮ የሚቀይር ባለ ሁለት ፖል መሆን አለበት። አነስተኛ ኢንቨርተር ጄኔሬተሮች ኒውትራላቸው ከመሬት ጋር አይታሰርም፤ ስለዚህ የቴስተር ካቻቢቴ በሁለቱም የሶኬት ቀዳዳ ላይ ደብዘዝ ብሎ ሊበራ ይችላል። ኤሌክትሪሺያኑ ይህን አይቶ "ተበላሽቷል" ካለ ሌላ ኤሌክትሪሺያን ፈልጉ። መሬቱን እንዴት እንደሚያስሩ ማንዋሉን አንብቦ የሚሠራ ሰው ነው የምትፈልጉት።

ደረጃ 6፦ አስነሡ፣ አጥፉ

ቅደም ተከተሉ አንድ ነው፦ ዕቃው ሁሉ ተነቅሎ ጄኔሬተሩ ይነሳል፣ ሦስት ደቂቃ ይሞቃል፣ ከዚያ መጀመሪያ ፍሪጁ፣ ፍሪጁ ተነስቶ ሲረጋ ኤሌክትሮኒክሱ ይሰካል። ሲጠፋ በተቃራኒው፤ ኤሌክትሮኒክሱ ቀድሞ ይነቀላል።

ቤንዚኑ እስኪያልቅ በጭራሽ አትጠብቁ። የጠቀስኩት ዓይነት 3.6 ሊትር የሚይዝ ጄኔሬተር ሙሉ ጭነት ላይ ሦስት ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ፣ ሩብ ጭነት ላይ ስምንት ሰዓት ያህል ይሄዳል። የተነሳበትን ሰዓት ግድግዳው ላይ ጻፉ፤ ስልካችሁ ላይ ደወል ሙሉ። ለመሙላት ዕቃውን ንቀሉ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ እስኪበርድ ጠብቁ፣ ከዚያ ቅዱ። በጋለ ማርሚታ ላይ የፈሰሰ ቤንዚን በእሳት ይያያዛል። ሰፈራችሁ ያለው ማደያ በጄሪካን ይቀዳ እንደሆነ ደግሞ ጄኔሬተሩን ሳትገዙ ጠይቁ፤ እምቢ የሚሉበት ጊዜ አለ።

ዘይቱ የመጀመሪያውን 20 ሰዓት ከሠራ በኋላ ይቀየራል፤ ከዚያ በየ100 ሰዓቱ ወይም በየስድስት ወሩ፣ ቀድሞ የደረሰው። ለረጅም ጊዜ የማይሠራ ከሆነ የካርቡሬተሩን ቤንዚን አፍስሱ፤ የቆየ ቤንዚን ሙጫ ይሆናል። ቆሞ ከሰነበተ በወር አንድ ጊዜ ሃያ ደቂቃ በጭነት አሠሩት።

መብራት ሲመጣም አትቸኩሉ። አምፖል አይታችሁ "መጣ!" ብላችሁ ወዲያው አትቀይሩ፤ ብዙ ጊዜ መጥቶ በደቂቃ ውስጥ ተመልሶ ይሄዳል፣ ቮልቴጁም ይዘላል። አምስት ደቂቃ ቆዩ። ዕቃውን ከጄኔሬተሩ ንቀሉ፣ ቼንጅ ኦቨር ካላችሁ ወደ መንግሥት መብራት አዙሩ፣ ፍሪጁን በፍሪጅ ጋርድ በኩል ሰኩ፣ ከዚያ ቴሌቪዥኑን። ጄኔሬተሩ ባዶውን ሁለት ደቂቃ ሠርቶ ይብረድ፣ ከዚያ አጥፉትና የቤንዚን መዝጊያውን ዝጉ።